የዕፅዋት አፀድን በታሪካዊ ግንብ ግቢ ውስጥ መጎብኘት፦ ከቲኬት እስከ መውጫ በር

በጥንታዊ ግንብ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተተከለ የዕፅዋት አፀድ ለማየት የተነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ግንቡን ላስቀድም ወይስ አፀዱን?» ይለኛል። አጭሩ መልስ «አፀዱን ያስቀድሙ» የሚል ነው። የግንቡ ድንጋይ ጠዋትም ሆነ ከሰዓት በኋላ ያው ድንጋይ ሲሆን፣ አበባ ግን የሚፈነዳበት፣ መዓዛው የሚበረታበትና የሚከደንበት ሰዓት አለው። ሆኖም ይህ መልስ ብቻውን ቀኑን አያድንም፤ የትኛው ቲኬት እንደሚገዛ፣ በየትኛው ጫማ እንደሚኬድ፣ ከተክሉ አጠገብ ያለው ሰሌዳ እንዴት እንደሚነበብና ምን እንደማይነካ ያላወቀ ጎብኚ፣ ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅም ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ስለዚህ ሥራውን ከመነሻው እስከ መውጫው በር፣ እያንዳንዱን ደረጃ ከነምክንያቱ ጽፌዋለሁ።

እንዲህ ያሉ ስፍራዎች በስፋትም በአያያዝም ይለያያሉ። በጀርመን የሙንስተር ከተማ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ የሚገኘው አፀድ እ.ኤ.አ. በ1803 የተመሠረተ የዩኒቨርሲቲ አፀድ ነው፤ በሰሜን ጣሊያን ሜራኖ አጠገብ በትራውትማንስዶርፍ ግንብ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተከፈተው ደግሞ 12 ሄክታር የሚሸፍንና ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ነው። አንዱ በአንድ ሰዓት ተኩል ይታያል፣ ሌላው ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ከታች ያሉት ደረጃዎች ግን ለሁለቱም ይሠራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ሶሉ የማያንሸራትትና አስቀድሞ ከጭቃ የጸዳ ጫማ። የግንብ ግቢ መንገድ ጠጠር፣ ያልተስተካከለ ድንጋይና ያረጀ ደረጃ ይበዛበታል፤ ሹል ተረከዝ ደግሞ የግንቡን የእንጨት ወለል ስለሚጎዳ በአንዳንድ ስፍራ ከበር ያስመልሳል።
- በቀላሉ የሚወልቅና የሚደረብ ልብስ። በአንድ ቀን ውስጥ ከሞቃት የመስታወት ቤት ወጥተው በወፍራም ግድግዳ ምክንያት በበጋም ወደሚቀዘቅዝ አዳራሽ ይገባሉ።
- የዝናብ ካፖርት። ጃንጥላ በጠባብ መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ የሌላውንም ጎብኚ ዓይን ያሰጋል።
- ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የውኃ ኮዳ፣ የፀሐይ ባርኔጣ፣ ለስላሳ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ።
- ባትሪው የሞላ ስልክ ወይም ካሜራ፣ አፉ የሚዘጋ የላስቲክ ከረጢትም ጭምር። የከረጢቱን ጥቅም በደረጃ 7 ያገኙታል።
- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል ወይም ጨርሶ አይጽፍም፤ እርሳስ ግን በመስታወት ቤትም በካፊያም ይጽፋል።
- ከተገኘ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር። ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ፈርን የሚባለውን አበባ የማያወጣ ተክል የቅጠል ጀርባ በማጉያ ያየ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ያለ ማጉያ አይሄድም።
- አነስተኛ የትከሻ ቦርሳ። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ሲዞሩ ተክል ይመታል፤ በግንቡ በርም አስቀምጡ ወይም በደረት በኩል ያዙ መባሉ አይቀርም።

የካሜራ መቆሚያና ድሮን ቤት ይቅሩ። መቆሚያ ጠባብ መንገድ ይዘጋል፣ ድሮን ደግሞ በእንዲህ ያሉ ግቢዎች ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቀድም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ከአበባው ጋር አስማምተው ይምረጡ

በመጀመሪያ አፀዱ የሚታወቅበት ዋና ስብስብ ምን እንደሆነ ይወቁ፤ ቀኑን የሚወስነው እርሱ ነው። በሰሜናዊው የምድር ክፍል መካከለኛ የአየር ንብረት ባለባቸው አገሮች ማግኖሊያና ቱሊፕ በአብዛኛው በኤፕሪል፣ ሮዶደንድሮን በሜይ፣ ጽጌረዳ በጁን ይደምቃሉ፤ የቅጠል ቀለም የሚለወጠው ደግሞ በኦክቶበር ነው። በደቡባዊው የምድር ክፍል ይህ ሁሉ በስድስት ወር ይገለበጣል። በፕራግ አቅራቢያ የሚገኘው የፕሩሆኒትሴ ግንብ መናፈሻ በሮዶደንድሮን የታወቀ ስለሆነ፣ በሜይ የሄደና በኦገስት የሄደ ሰው ያዩት ስፍራ አንድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ስልክ ደውለው ወይም መልእክት ልከው ሲጠይቁ «አሁን ጥሩ ነው?» አይበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «በዚህ ሳምንት ያበበው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀዝቃዛ ጸደይ የአበባውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ሊያዘገየው ስለሚችል፣ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የአትክልተኛው ቃል ይታመናል።

ደረጃ 2፦ ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት አራት ነገር ያጣሩ

አንደኛ፣ ቲኬቱ ለአፀዱ ብቻ፣ ለግንቡ ብቻ ወይስ ለሁለቱም መሆኑን ይወቁ። ግንቡና አፀዱ አጥር ለአጥር ቢሆኑም አስተዳዳሪያቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝ የአልንዊክ ግንብና የአልንዊክ አፀድ ጎን ለጎን ሆነው ሳለ ለየብቻ የሚተዳደሩ ናቸው፣ አንዱን ቲኬት ይዞ የሄደ ሰው በሌላው በር አይገባም። ሁለተኛ፣ የግንቡ መግቢያ በሰዓት የተቆረጠ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሆነ የከሰዓት በኋላውን ይያዙ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው መግቢያ ሰዓትና የመዝጊያው ሰዓት የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ የመስታወት ቤቶቹም ብዙ ጊዜ ከግቢው ቀድመው ይዘጋሉ። አራተኛ፣ በዚያ ቀን ሠርግ ወይም ኮንሰርት እንዳለ ይጠይቁ፤ ግንቦች ለዝግጅት ስለሚከራዩ አዳራሾቹ ያለ ብዙ ማስታወቂያ ሊዘጉ ይችላሉ።

በተጨማሪም በጉዞው ዋዜማ የነፋሱን ትንበያ ይመልከቱ። ያረጁ ትላልቅ ዛፎች ያሉበት ግቢ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ ቅርንጫፍ እንዳይወድቅ ተብሎ ይዘጋል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ።

ደረጃ 3፦ መንገድዎን በካርታው ላይ ከቁልቁለቱ ጋር ያቅዱ

ግንብ የሚሠራው ለመከላከል በሚመች ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አፀዱ ብዙ ጊዜ በእርከን ወደ ታች የሚወርድ ነው። በትራውትማንስዶርፍ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 100 ሜትር ይደርሳል። በካርታው ላይ ቅርብ የሚመስለው ስፍራ በእግር ሩቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እግርዎ ገና ትኩስ ሳለ ዳገቱን ይውጡና የቀረውን እየወረዱ ይጎብኙ። ይህ የማይሠራው ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው፤ የድንጋይ ሽበት የሚባለው ምንጣፍ መሰል አረንጓዴ ተክል የሸፈነው እርጥብ ድንጋይ ሲወጡት ይታገሡታል፣ ሲወርዱት ግን ይጥላል፤ እንዲህ ባለ ቀን በደረጃው ወጥተው በጠጠሩ መንገድ ይውረዱ። ተሽከርካሪ ወንበር ወይም የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ካለ፣ ደረጃ የሌለበት መንገድ በካርታው ላይ ለይቶ የተመለከተ እንደሆነ በቲኬት መስኮቱ ይጠይቁ፤ መንገዱ ብዙ ጊዜ አለ፣ መነሻው ግን ከዋናው በር ሌላ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ በመግቢያው ላይ የጫማዎን ሶል ያጽዱ

በበሩ ላይ ብሩሽ ወይም በመድኃኒት የራሰ ምንጣፍ ካገኙ ዘለው አይለፉት። ፋይቶፍቶራ ራሞረም የሚባለው የዕፅዋት በሽታ አምጪ በጭቃና በእርጥብ አፈር ከስፍራ ወደ ስፍራ ይጓዛል፤ ሮዶደንድሮንን፣ ላርች የሚባለውን ዛፍና ሌሎችንም ያጠቃል። በዚያው ሳምንት በጫካ ተዘዋውረው ከሆነ ጫማዎን ቤትዎ ውስጥ ይጠቡት፤ በሶል ስንጥቅ ውስጥ የደረቀች ትንሽ ጭቃ አርጅቶ ለመተካት የማይቻል ስብስብን ልታሳምም ትችላለች።

ደረጃ 5፦ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ከቤት ውጭ ባሉት አበቦች ይጀምሩ

ጽጌረዳና ሌሎች መዓዛ ያላቸው አበቦች የቀኑ ሙቀት ከመበርታቱ በፊት ይበልጥ ይሸታሉ፤ ብርሃኑም ገና ከጎን ስለሚመጣ የቅጠሉ ቅርጽና ጅማት ጎልቶ ይታያል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ነገር ነጭና ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚህ የሚለዩት ፀሐይ ካላገኙ የማይከፈቱ አበቦች ናቸው። ቱሊፕ በብርድና በደመና ይከደናል፤ ጋዛኒያም እንዲሁ ነው። እነዚህን ጠዋት ተከድነው ካገኟቸው «አላበቡም» ብለው አይለፉ፤ ቦታውን በካርታው ላይ ምልክት ያድርጉበትና ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይመለሱ።

«አፀዱን ያስቀድሙ» የሚለው ደንብ አንድ ጉልህ ልዩነት አለው፤ ይኸውም በግንቡ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያና ረጅም ሰልፍ ሲኖር ነው። በአየርላንድ የብላርኒ ግንብ ጎብኚዎች በሰገነቱ ጫፍ ያለውን፣ የሳመውን ሰው አንደበተ ርቱዕ ያደርጋል የሚባለውን ድንጋይ ለመሳም በጠባብ ደረጃ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ከደረሱ በኋላ ሰልፉ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እንዲህ ባለ ስፍራ በሩ እንደተከፈተ ሽቅብ ወጥተው ይጨርሱና ቀሪውን ቀን ለአፀዱ ይስጡት።

ደረጃ 6፦ የግንቡን ግድግዳ እንደ አፀዱ አካል ያንብቡት

የግንብ ግቢን ከሌላው የዕፅዋት አፀድ የሚለየው ግድግዳው ነው፤ ብዙ ጎብኚ ግን አበባውን አይቶ ከጀርባው ያለውን ድንጋይ አያይም። በሰሜናዊው የምድር ክፍል ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይቀበላል፣ ድንጋዩም የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ በገላጣው መሬት ውርጭ የሚያጠፋቸው ተክሎች እዚያው ጥግ ሲተከሉ ክረምቱን ያልፋሉ፤ በለስ፣ ኮክና ወይን በቀዝቃዛ አገር ግንብ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚታዩት ለዚህ ነው። ቅርንጫፎቻቸው እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው በሽቦ መታሰራቸውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከሞቀው ድንጋይ አጠገብ እንዲሆንና ፍሬው ፀሐይ እንዲያገኝ ነው። ከሰዓት በኋላ መዳፍዎን ወደ ድንጋዩ ጠጋ ቢያደርጉ ሙቀቱ ይሰማዎታል።

ወደ ሰሜን የዞረውን ግድግዳና የደረቀውን የግንብ ጉድብም ይመልከቱ፤ እዚያ ጥላና እርጥበት የሚወዱ ፈርኖችና የድንጋይ ሽበቶች ይበቅላሉ። በተዳፋት ላይ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚፈስ፣ መንገዱን የሚዘጋ ግድግዳ ካገኘ ከላዩ በኩል ይጠራቀማል፤ ከግድግዳው በታች ያለው ተክል ለምልሞ ከበላዩ ያለው በውርጭ ተለብልቦ ቢያገኙት ምክንያቱ ይህ ነው።

በመጨረሻም በድንጋዮቹ መካከል የበቀሉትን ጥቃቅን ተክሎች ልብ ይበሉ። የድሮ ግንቦች በኖራ የተገነቡ ስለሆኑ፣ ኖራ የሚስማማቸው ተክሎች በስንጥቁ ውስጥ ራሳቸውን ዘርተው ይኖራሉ። በአንጻሩ ሮዶደንድሮን ኖራ ያለበት አፈር ስለማይስማማው፣ አትክልተኛው ከግድግዳው አርቆ አሲድነት ባለው አፈር ላይ ይተክለዋል። ከስንጥቁ ምንም ነቅለው አይውሰዱ፤ ሥሩ ሲወጣ ኖራው አብሮ ይረግፋል።

ደረጃ 7፦ ወደ መስታወት ቤቱ ሲገቡ ካሜራውን አያውጡ

የሐሩር ክፍል አየር ሞቃትና በውኃ ተን የተሞላ ነው። ከብርድ የመጣ የካሜራ ሌንስ ይህን አየር ሲያገኝ ተኑ በላዩ ላይ ይጠጥራል፤ እየወለወሉ ቢያነሱም ፎቶው ጉም የለበሰ ይሆናል፣ እርጥበቱም ወደ ካሜራው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ገና ውጭ ሳሉ ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዘግተው ይግቡና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እንዳለ ይተዉት። ተኑ በከረጢቱ ላይ ይጠጥራል፣ ካሜራው ግን ሳይረጥብ ይሞቃል። በዚያ ጊዜ ያለ ካሜራ በዓይንዎ ብቻ ይመለከታሉ፤ ይህም በበኩሌ ከከረጢቱ ያልተናነሰ ጥቅም ነው።

በሮቹ ጥንድ ከሆኑ አንደኛውን ዘግተው ሁለተኛውን ይክፈቱ። ሙቀቱን ከመጠበቅ በተጨማሪ፣ ጎጂ ተባዮችን እንዲበሉ ሆን ተብሎ የተለቀቁ ነፍሳት እንዳይወጡ ይረዳል። በቅርንጫፎቹ ላይ የተንጠለጠሉ ትናንሽ የወረቀት ከረጢቶች ካዩ ቆሻሻ መስለውዎት እንዳያነሷቸው፤ ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ያሉት እነዚሁ ጠቃሚ ፍጥረታት ናቸው።

ቪክቶሪያ የሚባለውን ግዙፍ የውኃ ላይ አበባ ለማየት ካሰቡ ይህን ይወቁ፤ ቅጠሉ ከ2 ሜትር በላይ ሊሰፋ የሚችል ሲሆን በወቅቱ ቀኑን ሙሉ ይታያል፣ አበባው ግን የሚፈነዳው አመሻሹ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ምሽት ነጭ፣ በሁለተኛው ሐምራዊ ሆኖ ይታይና ይጠፋል። አፀዱ በማታ የሚከፈትበት ቀን ካለው ያንን ይምረጡ።

ደረጃ 8፦ ሰሌዳውን ያንብቡ፤ ፎቶም ሲያነሱ ሰሌዳውን ያስቀድሙ

የዕፅዋት አፀድ ከተራ መናፈሻ የሚለየው እያንዳንዱ ተክል በመዝገብ የተያዘ በመሆኑ ነው፤ ሰሌዳውም ከዚያ መዝገብ የተቀዳ ነው። በሰሌዳው ላይ በአብዛኛው የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም የተክሉ መጠሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያሳያል። በ«አሴኤ» የሚያልቀው ቃል የቤተሰቡ ስም ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል የማባዛት ምልክት ካለ ተክሉ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለ ነው፤ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ የታቀፈ ስም ደግሞ ሰው መርጦ ያራባውን ዓይነት ያመለክታል። ከስሙ ቀጥሎ ነጥብ ያለበት አንድ የላቲን ፊደል «ኤል» ቢያገኙ፣ ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ መሆኑን ይነግርዎታል።

ሁለተኛው ቃል ብዙ ጊዜ ትርጉም አለው። «አልፒና» የተራራ፣ «ኦፊሲናሊስ» ለመድኃኒትነት ያገለገለ፣ «ጃፖኒካ» የጃፓን፣ «አቢሲኒካ» የሐበሻ ማለት ነው። እነዚህን ጥቂት ቃላት የያዘ ጎብኚ መሪ ሳያስፈልገው ብዙ ተክል ይረዳል።

ከሁሉ የሚረሳው ከታች በትንሹ የተጻፈው የመዝገብ ቁጥር ነው። በብዙ አፀዶች ቁጥሩ ተክሉ ወደ ስብስቡ በገባበት ዓመት ይጀምራል፤ ስለዚህ በ1962 የሚጀምር ቁጥር ያለበት ዛፍ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በመዝገብ የሚታወቅ ነው። ጥያቄ ይዘው ወደ አትክልተኛው ሲሄዱ «ያ ቀይ አበባ» ከማለት ቁጥሩን ቢሰጡት መልሱን ወዲያው ያገኛል።

ፎቶ ሲያነሱ መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ ሙሉ ተክሉን፣ በመጨረሻም ቅጠሉንና አበባውን ያንሡ። ስልኩ ፎቶዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥ፣ ከሰሌዳው በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ቀጣዩ ሰሌዳ ድረስ የአንድ ተክል መሆኑ ይታወቃል። ይህን ያላደረገ ሰው ማታ ላይ ስማቸውን የማያውቃቸው ሁለት መቶ አረንጓዴ ፎቶዎች ይቀሩታል።

ደረጃ 9፦ ወደ ግንቡ ይግቡና አፀዱን ከላይ ይመልከቱ

እኩለ ቀን ሲያልፍ፣ ብርሃኑ ሲበረታና እግርዎ ሲዝል ወደ ግንቡ ይግቡ። ብርሃን የጨርቅና የሥዕል ቀለም ስለሚያደበዝዝ ክፍሎቹ ጨለም ተደርገው ይያዛሉ፤ ከፀሐይ ሲገቡ ዓይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ይቁሙ፣ የካሜራ ብልጭታም አይጠቀሙ። በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ሰፋ ባለው የውጭ ጠርዝ በኩል ይርገጡ፣ የሚወርድ ሰው ካለም እስኪያልፍ ከታች ይጠብቁ።

ከላይኛው መስኮት ወይም ከሰገነቱ ወደ ታች ሳይመለከቱ አይውረዱ። በሥርዓት የተቆረጡ የአበባ መደቦች ንድፍ ከፎቅ እንዲታይ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ መሬት ላይ ሆነው ሲዞሩበት የነበረው አጥር ከላይ ሲያዩት ሙሉ ሥዕል ይሆናል። ካርታዎን አውጥተው የሄዱበትን መንገድ በዓይንዎ ይከተሉ፤ ያላዩት ጥግ መኖሩን የሚያውቁት እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ለዚያ ጥግና ጠዋት ተከድነው ለተዋቸው አበቦች ያቆዩት።

ማስጠንቀቂያዎች

መርዛማ ተክሎችን አይንኩ፣ አይቅመሱ፣ አጠጋግተውም አያሽትቱ። በአልንዊክና በብላርኒ መርዛማ ተክሎች ብቻ የተሰበሰቡባቸው ክፍሎች አሉ፤ በአልንዊክ ያለው በቁልፍ ተዘግቶ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ የሚገባበት ነው። አደጋው ግን በእነዚህ ክፍሎች ብቻ አይወሰንም። ጉሎ ለቅጠሉ ውበት ሲባል በተራ የአበባ መደብ ላይ ይተከላል፣ ፍሬው ግን ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለው። አስተናግርና ኦሊያንደርም በግልጽ ስፍራ ይገኛሉ፤ ሰማያዊ ቆብ የመሰለ አበባ ያለው አኮኒት ደግሞ መርዙ በቆዳ ሊገባ ይችላል።

ጤና አዳም የሚታወቅና ሰላማዊ ተክል ስለሚመስል ብዙ ሰው በመድኃኒት ተክሎች መደብ ላይ ሲያገኘው ቅጠሉን አሽቶ ያሸታል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቃጠሎና ውኃ የቋጠረ ቁስል ያመጣል። ከነኩት ወዲያው በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ቦታውንም ከፀሐይ ይሸፍኑት።

የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው በሞቃቱ የመስታወት ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይ፤ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

ልጆችን በጉድቡ ጠርዝ፣ በኩሬውና በዝቅተኛው የሰገነት ግድግዳ አጠገብ እጃቸውን ይዘው ያሳልፉ። የጥንት ግድግዳዎች ለዛሬ የደህንነት ደንብ ተለክተው የተሠሩ አይደሉም፤ የውኃ ላይ ቅጠል የሸፈነውን ኩሬ ደግሞ ትንሽ ልጅ መሬት ሊመስለው ይችላል።

ዘር፣ ቅርንጫፍ ወይም የወደቀ ፍሬ ይዘው አይውጡ። ከአፀዱ ደንብ ውጭ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ድንበር ተሻግሮ የሚሄድ የተክል ክፍል በብዙ አገሮች የጤንነት ማረጋገጫ ይጠየቅበታል፣ በአየር ማረፊያም ይወረሳል።

የተለመዱ ስህተቶች

ሁሉንም ለማየት መሞከር ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ነው። በትልቅ አፀድ ሦስት ክፍል መርጦ በደንብ ያየ ሰው አሥራ ሁለቱን በሩጫ ካለፈው የበለጠ ይዞ ይወጣል።

ለፎቶ ሲሉ አንድ እርምጃ ወደ መደቡ መግባት ሌላው ነው። አንድ እግር የማይጎዳ ይመስላል፤ ነገር ግን አፈሩ ሲረገጥ በውስጡ ያለው የአየር ክፍተት ይዘጋል፣ ሥሩም ውኃና አየር ያጣል። በአሮጌ ዛፍ ሥር የታጠረ ሣር ያለውም ለዚሁ ነው።

ሰሌዳውን ነቅሎ ለፎቶ አስጠግቶ ወደ ሌላ ስፍራ መመለስ ቀላል ጥፋት መስሎ ይታያል። ሁለት ተመሳሳይ ቡቃያዎች ሰሌዳ ከተለዋወጡ አትክልተኛው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እስኪያብቡ ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። ሰሌዳ ወድቆ ካገኙም ራስዎ አይትከሉት፤ ባለበት ትተው ለሠራተኛ ይንገሩ።

በእኩለ ቀን ሙቀት ወደ ሐሩሩ የመስታወት ቤት መግባትም የተለመደ ነው። በበጋ ጠዋት ከአበቦቹ ቀጥሎ ይግቡበት፤ በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ ሲበርድዎት ያቆዩት።

የመጨረሻው፣ ግንቡ ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ አፀዱ ተመልሶ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። በአንዳንድ ስፍራ የግንቡ መውጫ በቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ያወጣል፤ ቲኬቱም ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ በደረጃ 9 ያቆዩት ሰዓት ከበሩ ውጭ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ግንቡ ከመግባትዎ በፊት በበሩ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ማኅተም ወይም የእጅ አምባር የሚሰጥ ከሆነም ያን ጊዜውኑ ይቀበሉ።